አንድ ነጭ ጠጉር የሌላት ድመት

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ለመሄድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ገና አስፋልቱን ሳንይዝ አንዲት ጥቁር ድመት ከአንድ ግቢ ብቅ አለችና ከፊታችን አቋርጣ ሮጠች። ሹፌሩ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ፣ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። ከዚያ ባጃጁን አዙሮ በመጣንበት ተመለሰና በአቧራማው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ይዞኝ ሄደ። «ምን ሆንክ ልጄ?» ስለው፣ «አቦ እማማ፣ በጠዋት ገዴን ትዘጋብኛለች» አለኝ፤ አላፈረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ከባጃጁ እንደወረድኩ የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋኝና ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። መንገደኛው «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ይለኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። ምላሴ ላይ የመጣው አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልጠራሁት ስም ነበር፤ ጉራቻ።

ያኔ ሳቢያን ብርቱካን ልንገዛ የምንሄድበት አገር እንጂ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም። እኛ የምንኖረው ከለገሃር ጀርባ፣ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነው። አባቴ መካኒክ ነበር፤ ሲሞት ሁለቱ ክፍልና በሩ ፊት ያለችው የዘይቱን ዛፍ ለእኔ ቀሩልኝ። ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ባቡሩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያውቃል። ከለገሃር መጋላ በጋሪ ስሙኒ ነበር፤ ሳምቡሳ ዐሥር ሳንቲም፤ ሙሸበክ በወረቀት ተጠቅልሎ ስኳሩ እጅ ላይ እየተንጠባጠበ ይበላል። ከጅቡቲ የመጣ ናይለን ሻሽ ያሰረች ሴት ስታልፍ ሌላዋ ዘወር ብላ ታያለች። ጎረምሶቹ ከታች የሰፋ ሱሪያቸውን ሌላው አገር ከተወው በኋላ እንኳ አልተውትም፤ አስፋልት ጠራጊ እንላቸው ነበር። ሬዲዮኑ ጠዋት በመዝሙር ይከፈታል፤ ከመዝሙሩ በኋላ ስለሚነገረው ነገር ማንም ብዙ አያወራም፤ እኔም አሁን አላወራም።

የምሠራው በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታና ጨው በካርድ እመዝናለሁ። ሴቶቹ ፀሐዩን በጃንጥላ እየተከላከሉ፣ በአንድ ሰልፍ ላይ በአማርኛ ተሰዳድበው በኦሮምኛ ይታረቁና በሶማልኛ ይስቃሉ። በዚያ ዘመን ሱቁን አይጥ ወረረው። የስኳሩ ጆንያ በየቀኑ ይጎድላል፤ ሰውም ሰላቢ ነው አለ። አንድ ጠዋት የጨው ጆንያ ስናነሳ ከኋላው አንዲት ድመት ሦስት ልጆች አቅፋ ተኝታለች። እናትየውም ልጆቹም እንደ ከሰል የጠቆሩ፤ መዳፋቸው ሥር እንኳ ነጭ የለም። ሰልፉ በአንዴ ተበተነ። «ይኸው ሰላቢዋ!» ብላ አንዷ ካርዷን ጥላ ሮጠች። ሊቀመንበሩ ተጠራ። ይህ ሰው እሑድ እሑድ ኋላ ቀር ልማድ ሕዝቡን እንዴት እንዳሰረው ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያስረዳን ነው። ድመቷ ቀና ብላ ስታየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሦስት ጊዜ ትፍ ትፍ አለ፤ ከዚያ «ደቻቱ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወስዳችሁ ጣሏቸው» ብሎ አዘዘ።

ያን ጊዜ አጠገቤ የነበረችው ብርሃኔ ናት። ብርሃኔ ጎረቤቴ ናት፤ ቤታችን አንድ ግድግዳ ይለየዋል። ዐሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ሞቶ አንድ ልጇን ሰለሞንን ብቻዋን አሳድጋለች፤ እናቴ ስትሞት እኔንም አብራ አሳድጋለች ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ደመወዜን የሰጠሁት ለሷ ነው፤ ስታመም የምታጥበኝ እሷ ነበረች። «አሸዋ ላይ አይጣሉም» አለችኝ በጆሮዬ፤ «የሳሙና ካርቶን አምጪ።» አራቱንም በካርቶን አድርገን ቤታችን ወሰድናቸው። እናትየዋን እኔ ያዝኩ። ልጆቹ ሲያድጉ ግን ቤት ያስፈልጋቸው ነበርና ሁለታችን በየበሩ መዞር ጀመርን።

ብርሃኔ አንደበቷ ማር ነው። «የኔ እመቤት፣ አይጥ የበላብሽን ስኳር ቀበሌ ይተካልሻል?» ትላለች። «ሰላቢ ብትሆን እኮ ስኳሩ ወዴት ሄደ? እስቲ ከስታ እያት!» ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ግን አይወስዱም። ነጭ ብትሆን፣ ዥንጉርጉር ብትሆን ይላሉ። መጀመሪያ እሺ ያለችን መጋላ ሳምቡሳ የምትሸጠው ፋጡማ ናት። «ድመት ነቢያችን የሚወዷት ፍጥረት ናት፤ ቀለሟን ማን ጠየቀ?» ብላ ትልቋን አንስታ ጉያዋ ከተተቻት። እናትየዋንም «አዱሬ ጉራቻ» ብላ ጠራቻት፤ ጥቁር ድመት ማለቷ ነው። ጉራቻ ከዚያ ወዲያ ስሟ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ጡረተኛው ጋሽ ታዬ ወሰዱት። «ሠላሳ ዓመት ጥቁር ባቡር ነድቼ ምንም አልሆንኩ፤ ደግሞ ለድመት!» አሉ። ሦስተኛዋን ለመስጠት አንድ ወር ለመንን። የለመንናት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ የሺ ነበረች፤ እሷም እንደ ብርሃኔ ባል የሌላት፣ ታምሩ የሚባል አንድ ልጅ ያላት። «አስቱ፣ አንቺ ካልሽ እሺ» አለችኝ በመጨረሻ። «የተማርሽ ነሽ። ክፉ ነገር ብታመጣ ግን አንቺን ነው የምጠይቅ።» በወሩ ድመቷ የስፌት መኪናው ላይ ካልተኛች የሺ ሥራ አይገባላትም ነበር። እየሳቀች ቁራጭ ጨርቅ ትወረውርላታለች፤ በመንገድ ስታገኘኝ ከኔ ደኅንነት በፊት የሷን ወሬ ትነግረኛለች።

ከዚያ የሰፈሩ ልጆች ለውትድርና ተወሰዱ። ሰለሞንና ታምሩ ባንድ ቀን፣ ባንድ ባቡር ሄዱ። ብርሃኔና የሺ እጅ ለእጅ ተያይዘው ለገሃር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ፤ ሰለሞን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እታለም፣ እናቴን!» ብሎኛል። እታለም እያለ ነበር የሚጠራኝ። ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ብርሃኔ ምግብ ተወች። ስትናገር ሰው ያሰክር የነበረው አንደበቷ ተዘጋ። ሱቅ መጥታ ትቀመጣለች፤ የባቡር ጩኸት ስትሰማ ትነሳለች፤ መልሳ ትቀመጣለች። ጉራቻ እግሯ ሥር ስትመጣ ግን አንስታ ታቅፋታለች፤ ጠጉሯን በጣቷ እየፈለቀቀች ታያለች። ቁንጫ ትፈልግላታለች ብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጉራቻ የለችም። በማግሥቱም የለችም። ብርሃኔ «እንፈልጋት እንጂ!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ሦስት ቀን ፈለግን። ደቻቱን ከላይ እስከ ታች በእግራችን ሄድን፤ አሸዋው በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። እሷ በወዲያኛው ዳር፣ እኔ በወዲህ፤ «ጉራቻ! ጉራቻ!» እያለች ስትጣራ ድምፅዋ ይሰማኛል። በሦስተኛው ቀን እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ መጥታ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገች። «ትመጣለች የኔ ልጅ፤ ድመት ቤቷን አትረሳም» አለችኝ።

እሑድ ቀፊራ ገበያ ላይ ባለጋሪው አደም አገኘኝ። ሽማግሌ ነው፤ አባቴን ያውቀዋል። «አስቱ፣ ድመትሽ ዳነች?» አለኝ።

«ምን ሆና?»

«አቦ፣ ታማ አይደለም እንዴ? ሐሙስ ዕለት ጎረቤትሽ በዘንቢል ይዛት ተሳፍራ ነበር። ወላሂ ድመቷ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያ አዋቂ ነኝ የሚለው ሰውዬ ቤት አደረስኳቸው። መድኃኒት ልታደርግላት መስሎኝ።»

ዘንቢሌን ቀፊራ ትቼ ሄድኩ። ብርሃኔ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፊቴን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ጉራቻ የት ናት?»

ሰፌዱን መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ሦስት ቀን አብረሽኝ ፈልገሻል! ስሟን እየጠራሽ!»

«ምን ላድርግ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንድ ነጭ ጠጉር የሌላት ድመት አምጪ አለኝ። ደሟ ሲፈስ ልጅሽ መንገድ ይጀምራል አለኝ። ብለምንሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«አልሰጥሽም ነበር።»

«አየሽ። ያንቺ ድመት ናት፤ የኔ ልጅ ነው።»

ድመቷን ስለገደለች ብቻ ቢሆን፣ ልጇን ያጣች እናት ናት ብዬ አንድ ቀን ይቅር እል ነበር። ፊቴን የጠረገችበት ነጠላ ግን ከዐይኔ አይወጣም። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ብያት አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰለሞን መጣ። ከባቡር ሲወርድ በክራንች ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። የሰላቢን ወሬ ያወሩ የነበሩት ሴቶች አሁን በሹክሹክታ ሌላ ወሬ ያዙ፤ ድመቷ ሠራች። ብርሃኔ አላወራችም፤ ሲወራ ግን አልካደችም። ልጆቻቸው የሄዱባቸው እናቶች ጥቁር ድመት መጠያየቅ ጀመሩ። እኔና ብርሃኔ ደጅ ለደጅ ለምነን ቤት ያስገባናቸው የጉራቻ ልጆች ናቸው አሁን የሚፈለጉት። የጋሽ ታዬ ድመት ከአጥራቸው ውስጥ ተሰረቀ። ሽማግሌው ሱቅ መጥተው የጆንያው ክምር አጠገብ ቆሙና፣ «ባትሰጪኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር» ብለውኝ ሳይገዙ ሄዱ። ፋጡማ ጋ ሁለት ሴቶች ሄደው ለመኗት። «የኔ እንግዳ ናት፤ እንግዳ አይታረድም» ብላ መለሰቻቸውና በነጋታው ድመቷን ከከተማ ውጭ ቢዮ አዋሌ ያለች እህቷ ዘንድ፣ የእህል መጋዘን ላከቻት። ዛሬ ሳቢያን ግቢዬ ውስጥ የሚዘሉት የዚያች ዘር ናቸው። ልጆች ሲወልዱ አሁንም በየበሩ እየዞርኩ እሰጣለሁ። ጎረቤቶቼ ቡኒውን ቀድመው ያነሳሉ፤ ጥቁሮቹ መጨረሻ ይቀራሉ። እኔም ዛሬ እንደ ብርሃኔ የሚያስቅ ነገር አልናገርም። ጥቁር ድመት ድመት ናት፤ አይጥ ትይዛለች፤ ሲመሽ ትታቀፋለች፤ ገድም አትዘጋም፤ ሰውም አታስመልስም እላለሁ። የሚሰማኝ ይወስዳል።

ሰለሞን በመጣ በሦስተኛው ቀን በክራንቹ እያነከሰ ቤቴ ገባ። ስለ ጉራቻ ሰምቷል። ከልጅነቱ ድመት የሚወድ ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከሆስፒታል የተለቀቀበት ነው። «እታለም፣ ቀኑን እዪው» አለኝ። አየሁት። ጉራቻ ከጠፋችበት ሐሙስ ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀድማል። ናዝሬት አጎቱ ቤት ቁስሉ እስኪደርቅ ተኝቶ ነው የዘገየ። «እሷ ሳትሞት እኔ መንገድ ጀምሬያለሁ» አለ። «ለእናቴ ነግሬያታለሁ። አውቃለች።»

ያን ዕለት ብርሃኔ በር ሄድኩ። «ለሴቶቹ ንገሪያቸው» አልኳት። «ወረቀቱን አሳያቸው በይው።»

«አትጨርሺኝ አስቴር» አለችኝ። ክንዴን ይዛ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል? በከንቱ ገደለቻት፣ ጓደኛዋን በከንቱ ከዳች ይሉኛል። ለራሴስ ምን እላለሁ? እስክሞት ዝም በይልኝ። ስላሳደግኩሽ።»

ስላሳደግኩሽ ማለቷ ነው የጎዳኝ። ከዳችኝ፤ የከዳችበትን ሸክም ደግሞ እኔ እንድሸከምላት ጠየቀችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ከፍቅር አይደለም። ኮርቼ ነበር፤ ይህን ሰፈር ከእንግዲህ አላናግረውም ብዬ ነበር። የሚሞተው ድመት ብቻ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ወር ወይዘሮ የሺ በሬ ላይ አለፈች። ክንዷ ላይ በእጇ የሰፋችው የጨርቅ ቦርሳ አለ፤ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። አልደበቀችኝም።

«አስቱ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «አንቺ የሰጠሽኝ ናት። ግን የታምሩ ደብዳቤ ከመጣ አራት ወር ሆነው።»

«የሺ፣ ይቅርብሽ።»

«ለምን?»

«በቃ። ድመት ምን ታደርጋለች?»

«ለብርሃኔ አድርጋለች» አለች።

ብርሃኔ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ በሁለታችን በር መካከል ያለው ርቀት ሦስት እርምጃ ነው። ሁሉንም ሰምታለች። እኔ አየኋት፤ እሷ መሬት አየች። የሺ አንዳችን እንድንናገር የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመች። ቦርሳው ውስጥ ያለችው አንድ ጊዜ ቀጭን ድምፅ አሰማች። ከዚያ የሺ መንገዷን ቀጠለች።

ሰውዬው የሺን አርባ ቀን ከቤት እንዳትወጣ አዘዛት፤ ከወጣሽ መንገዱ ይዘጋል ብሎ። እሷም አልወጣችም። የስፌት መኪናዋን በመስኮቱ በኩል አዙራ ትሰፋለች፤ የሄደ ሰው ሲመጣ እንድታየው። በዚያ መካከል አንዲት ቀበሌ የምትሠራ ሴት፣ ሐረር ሆስፒታል ስማቸው በደንብ ያልተያዘ ቁስለኞች መጥተዋል፣ ሄዳችሁ እዩ ብላ ነግራን ነበር። ሦስት እናቶች ሄዱ፤ ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለውን ግን ከገዛ እናቱ በቀር የሚለየው አልነበረም። የሺ፣ «አርባ ቀኔ አልሞላም፤ የኔው በራሱ እግር ይመጣል» አለች። ፊቷ የበራ ነበር። እንደዚያ ተስፋ ያላት ሴት አይቼ አላውቅም።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን መርዶ መጣ። ታምሩ ሐረር ተኝቶ ነበር። ከእኛ ሰፈር እዚያ ለመድረስ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። አምስት ሳምንት ተኝቷል፤ አጠገቡ የነበረው ወታደር እናቱን ሲጠራ እንደነበር ተናገረ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሺ ቤቴ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለችኝ። «ያቺ ድመት የሆነ ቦታ ነጭ ጠጉር ነበራት? ብብቷ ሥር፣ ጅራቷ ላይ? እኔ በደንብ አላየኋት ይሆናል። ያላየሁት እኔ ከሆንኩ ልወቀው።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ስለ ሰለሞን ወረቀት፣ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቀን፣ ሁሉንም። ድመቷ ነጭ ጠጉር አልነበራትም፤ ቢኖራትም ባይኖራትም ለውጥ የለውም፤ የብርሃኔ ልጅ በራሱ መንገድ ነው የመጣው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ላጽናናት ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። አላለቀሰችም።

«ይህን የምታውቂው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ሰለሞን በመጣ በሦስተኛው ቀን» አልኳት።

ጣቷን አጥፋ ቆጠረች፤ ቦርሳውን ይዛ በሬ ላይ ያለፈችበትን ቀን ነው የምትቆጥረው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። አሁን ብርሃኔ ቤት ትገባለች፣ አሁን ትጮሃለች ብዬ በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የብርሃኔ በር ክፍት ነበር። የሺ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አለፈች።

ብርሃኔ ካረፈች ዓመታት ሆኗት፤ ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሰለሞን ትከሻዬን ይዞ አልቅሷል። የሺ ግን እስክትሞት አላናገረችኝም። ብርሃኔን ሰላም ትላት ነበር፤ ለበዓል ቀሚሷን ሰፍታላታለች። ብዙ ጊዜ ይህ ፍርድ ያዳላ ይመስለኝ ነበር፤ ዋናዋን ትታ እኔን መያዟ። አርጅቼ ነው የገባኝ። ብርሃኔን ስለ ድመቷ አንድም ቃል ጠይቃት አታውቅም። የጠየቀችው እኔን ነበር፤ ያመነችውም እኔን።